ለእንግዳ መጽሐፍ ያልተበሳ ቀዳዳ

በእኛ አገር ክረምት ሲቃረብ ቀድመው ወደ ዳገት የሚወጡት መጻሕፍት ናቸው። ከብት ቆይቶ ይወጣል፤ ሰውም ውኃው ደጃፉን እስኪነካው ከቤቱ አይነቃነቅም። መጻሕፍቱ ግን ሰኔ ሚካኤል እንዳለፈ፣ የርብ ወንዝ መሻገሪያ ገና በእግር ሲሻገሩት፣ በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው በቀሳውስት ትከሻ ይሄዳሉ።

ፎገራ ሜዳ ነው። ጉና ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ይደርሳል፤ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ማሳው በውኃ ይሞላል። የሜዳው አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤታቸው ጭቃ ነው፤ ብራና ደግሞ እርጥበት ከነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይሸሻል። ስለዚህ ከቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ የሜዳው ሦስት አድባራት መጻሕፍቶቻቸውን ከወረታ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ለተተከለው ደብር በአደራ ይሰጣሉ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠነክር ሄደው ያመጣሉ። እነዚያን መጻሕፍት ሰው ሁሉ "የክረምት እንግዶች" ይላቸው ነበር።

አባቴ የአንዱ የሜዳ ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። የምናርሰው መሬት የቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ፣ የምንበላው አባቴ ገበዝ እስከሆኑ ድረስ ብቻ ነው። ገበዝነቱ ከቀረ መሬቱም ይቀራል። ይህን በቤታችን ማንም አንሥቶ አይናገረውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ከደብራችን መጻሕፍት ሁሉ አገሩ የሚሳሳለት አንድ ነበር፤ በየሰንበቱ ቆመን የምንሰማው የእመቤታችን መጽሐፍ። በቀይ ቆዳ የተለበደ፣ ባለ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነው፤ ሕፃን ሳለሁ ሰማያዊ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር። መጽሐፉ በሰኔ ሲሄድ ሴቶች እስከ መሻገሪያው እልል እያሉ ይሸኙታል። በመስከረም መጨረሻ፣ ለጽጌ ማኅሌት ሳይመለስ የቀረበት ዓመት የለም።

አደራው ሲሰጥ ወረቀት አይጻፍም። አባቴ መጽሐፉን ከትከሻቸው አውርደው ለጉብታው ገበዝ ያስታቅፏቸዋል፤ "አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር" ይላሉ። የጉብታው ገበዝ ማኅደሩን ተሳልመው ይቀበላሉ። በቃ። እኚህ ሰው ወንድሜን ክርስትና ያነሡ የአባቴ አበልጅ ነበሩ።

የጎንደር ኮሌጅ ሰው በሐምሌ መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፤ ከጎንደር በጂፕ ሣጥን ጭኖ መጥቶ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ አንዲት ጠላ ሻጭ ሴትዮ ዘንድ ክፍል ተከራየ። ሥራው ኮሌጁ ውስጥ ባለው ቤተ መጻሕፍት ነው። በየደብሩ ያለውን የብራና መጽሐፍ ሁሉ በካርድ አስፍሮ ሊሄድ ነው አሉ፤ የተማረ ሰው ጎንደር ተቀምጦ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ እንዲያውቅ፣ ሌባም ሰርቆ ለፈረንጅ ቢሸጠው እንዲታወቅ። ኮሌጁ በክረምት ስለሚዘጋ ነው በክረምት የመጣው። ተማሪው ሲያርፍ እሱ ይሠራል፤ እሱ ሲሠራ ደግሞ የሜዳው መጻሕፍት ከቤታቸው የሉም። ያኔ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

እኔ ወረታ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ አቁሜ ነበር። ከዚያ በላይ ለመማር ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር መሄድ ያስፈልጋል፤ የሚልከኝ አልነበረም፣ ብላክም የምደፍር አልነበርሁም። ሰው ፊት መናገር አልችልም። አስተማሪ ሲጠራኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ጽሑፌ ግን ጥሩ ነበር፤ ስፌትም እሰፋ ስለነበር እጄ ወስፌ ለምዷል። የኮሌጁ ሰው ጽሑፉ የሚያምር፣ ጣቱ የማይሳሳት ሰው ፈልጎ ትምህርት ቤቱን ቢጠይቅ እኔን ጠቆሙት።

እናቴ አልወደደችውም። "የተቆጠረ ነገር አይበረክትም" አለች። "ከብቱን እንኳ ስንት ነው ሲሉን 'እግዜር ያውቃል' ነው የምንል። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይቆጠራል እንዴ?"

"ትሂድ" አሉ አባቴ። "ደጁ መንገድ ላይ ነው፣ ሴትዮዋም አለች። የተማረችው ለምን ይበላሽ?"

ካርዱ የመዳፍ ያህል ነው። ዙሪያውን በሙሉ በትንንሽ ቀዳዳ ተበስቷል። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ነገር ነው። መጽሐፉ ሥዕል ካለው ይኸኛው፤ ዜማ ከሆነ ያኛው፤ የእመቤታችን ከሆነ የታችኛው። የላይኛው ረድፍ የአድባራት ነበር፤ ለየደብሩ አንድ አንድ ቀዳዳ። እኔ መሐሉ ላይ የመጽሐፉን ነገር በቀለም እጽፋለሁ፤ ከዚያ የሚመለከተውን ቀዳዳ በመቁረጫ እስከ ጠርዙ እከፍተዋለሁ። ካርዶቹ ሲበዙ የኮሌጁ ሰው አንድ ላይ አስተካክሎ፣ በሚፈልገው ቀዳዳ ከወስፌ የረዘመ መርፌ አሳልፎ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ቀዳዳቸው ያልተከፈተው መርፌው ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ የተከፈተው ይወድቃል። የወደቀው የተፈለገው ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። መጽሐፎቹ የተጠሩ ይመስላሉ፤ ስማቸው ሳይነሣ ይወድቃሉ። ሴትዮዋ ጠላ መጥመቋን ትታ በር ላይ ቆመች።

"ይኼማ ወንፊት ነው" አለች። "የወረቀት ወንፊት!"

የኮሌጁ ሰው ሳቀ፤ ማስረዳት ይወዳል። ድሮ በቤተ መጻሕፍታቸው አንድ ትልቅ መዝገብ ብቻ ነበር አለን፤ አንድ መጽሐፍ ለመፈለግ ግማሽ ቀን ሲገልጡ ይውሉ ነበር። ቀጥሎ መሳቢያ ያለው ሣጥን መጣ፤ ካርዱን በፊደል ተራ የደረደሩበት። እሱም ቢሆን ስሙን ካላወቅኸው አይሰጥህም። አሁን ቀዳዳው መጣ፤ በፈለግኸው በኩል ትጠይቀዋለህ። "ይህ ገና መጀመሪያው ነው። በውጭ አገር መርፌውን የሚይዝ ሰው የለም። መኪናው ራሱ በኤሌክትሪክ ካርዱን እያሳለፈ ይለያል። ሰው ቆሞ ያያል እንጂ አይነካም።"

"ሰው ካልነካውማ" አለች ሴትዮዋ፣ "ሲሳሳት ማን ይጠየቅበታል?"

"አይሳሳትማ!"

"ኧረ? ጠላም አይሳሳትም፤ የሚሳሳት ጠማቂው ነው" ብላ ገባች።

እሱ ጠዋት ወደ ደብሮቹ ይሄዳል፤ መጻሕፍቱን አይቶ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያመጣል። እኔ ያንን ወደ ካርድ አዞራለሁ። የጉብታውን ደብር የጨረሰ ዕለት ከወረቀቶቹ አንዱን ሳነብ እጄ ቆመ። የእመቤታችን መጽሐፍ፤ በቀይ ቆዳ የተለበደ፤ ሥዕል ያለው፤ መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ፤ በመጀመሪያው ቅጠል ጥግ የሰም ጠብታ። ሰሙን አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ጧፍ ያንጠባጠበው ነው።

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ "ይህ መጽሐፍ የእኛ ነው" አልሁት።

"የእናንተ? የማን?"

"የሜዳው ደብር። ለክረምት ነው እዚያ የተቀመጠ። ሌሎቹም አሉ፤ የሦስቱም የሜዳ አድባራት መጻሕፍት እዚያ ናቸው።"

ካርዱን ከእጄ ወስዶ ዙሪያውን አየው፤ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠረ። የተናደደ አይመስልም ነበር። የሰው ነገር ሳይሆን የሥራ ነገር አድርጎ ነው ያሰበው። "ለእንዲህ ያለ ነገር ቀዳዳ የለውም" አለ። "ካርዱ ሲታዘዝ ማንም አልነገረን። እኛ የምንጽፈው ባገኘንበት ነው። መጽሐፍ እግር የለው።"

"እዚህ አገር እግር አለው!" አለች ሴትዮዋ ከውስጥ። "በሰኔ ይወጣል፣ በመስከረም ይወርዳል!"

እሱ አሁንም ሳቀ። "በይ በጀርባው በእርሳስ ጻፊው፤ ጎንደር ስደርስ አየዋለሁ።" ጻፍሁት። በሜዳው መጻሕፍት ካርዶች ሁሉ ጀርባ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ ፊቱን አዙሬ፣ ያለኝን ቀዳዳ ቆረጥሁ። የጉብታውን ደብር። መርፌው ግን ጀርባ አያነብም።

ማታ ለአባቴ ነገርኋቸው። ራት እየበሉ ነበር፤ ከጉርሻቸው አልተቋረጡም። "ወረቀት ምን አፍ አለው?" አሉ። "አደራ የተቀበሉት አበልጄ ናቸው፤ ካርዱ አይደለም።"

እናቴ ግን ወደኔ አየች። እኔም ወደሷ አየሁ።

የኮሌጁ ሰው ከመሄዱ በፊት ለየደብሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠ። ካርድ የወጣላቸው መጻሕፍት ተቆጥረው፣ "ከተገኙበት ቦታ እንዳይነቃነቁ" ይል ነበር። ለሌባ የታሰበ ቃል ነው።

መስከረም ጠባ። የሜዳው ውኃ ሸሸ፤ የደረቀው ዋልካ መሰነጣጠቅ ጀመረ። በዚያ ዓመት ንዳዱ ከባድ ነበር፤ በየቤቱ ሰው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል። አባቴም ትኩሳት እንዳለባቸው መጽሐፉን ለማምጣት ተነሡ። እኔ ለጉብታው ደብር የሚሰጠውን የምስጋና ጧፍ ይዤ ተከተልሁ።

የጉብታው ገበዝ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ አገኙን። ጧፉን ተቀበሉ፤ ወደ ዕቃ ቤቱ ግን አልተነሡም።

"አበልጄ፣ እንግዳችንን ልንወስድ መጣን" አሉ አባቴ።

"ይግቡ እስቲ፣ እህል ይቅመሱ።"

"ጽጌ ገብቷል። እህሉ ይቆየን።"

"እባክዎ አረፍ ይበሉ፣ አበልጄ።" ከጋቢያቸው ሥር ማኅተም ያለበትን ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ለስልሶ ነበር፤ ብዙ ቀን ይዘውት የዋሉ ይመስላል። "የእናንተ መሆኑን አልካድሁም። ብክድ አፌ ይንቃ። ግን ነገ መንግሥት መጥቶ 'የት አለ' ቢለኝ ምን እላለሁ? 'ሸጠህ በላኸው' ነው የሚለኝ።"

"ከአበልጄ ዘንድ ነው ይበሏቸዋ!"

"ካርዱ ከእኔ ዘንድ ነው ይላላ!"

ከኋላቸው የጉብታው ጎበዛዝት ቆመው ነበር። ድሮም ጉብታው ላይ አንዳንድ ሰው 'መጽሐፉ በጥንት ጊዜ የኛ ነበር፣ ለሜዳው ያዋስነው እኛ ነን' ይል ነበር። ቀልድ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ካርዱ ሲመጣ ግን ቀልዱ አጥንት አወጣ።

"ምኑን ነው የሚወስዱት?" አለ አንዱ። "የኮሌጁ ካርድ እንኳ መሰከረ።"

"ተዋቸው" አለ ሌላው። "የሜዳ ሰው ለእንቁራሪት ሊያነብላት ነው።" ሳቁ።

አባቴ ዞረው ቁልቁለቱን ጀመሩ። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ይሄዱ ነበር፤ ባዶ ትከሻቸውን አንድ ጊዜ በእጃቸው ሲዳስሱት አየሁ።

ጽጌ ያለ መጽሐፉ ተጀመረ። ካህናቱ በቃል የሚያውቁትን ያህል አሉ። ሕዝቡ ቆሞ ሰማ፤ ሲወጣ ግን ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር። ውኃ መቅጃው ላይ ሴቶች እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። ወሬውን እናቴ ናት የሰማችው፤ ገበዙ መጽሐፉን ከጉብታው ገበዝ ጋር ተማክረው ለፈረንጅ ሸጡት፣ ልጃቸውም ከሰውየው ጋር የምትውለው ለዚህ ነበር። የደብሩ ሽማግሌዎች አባቴን ጠርተው በጽጌ መውጫ መጽሐፉ ካልተመለሰ ሌላ ገበዝ እንደሚሾሙ ነገሯቸው። ክፉ ቃል አልተናገሩም። አንዱ ሲወጡ አቅፈዋቸዋል። አባቴን እንደዚያ ቀን ገርጥተው አላየኋቸውም።

በጥቅምት የኮሌጁ ሰው የቀረውን ሊጨርስ ተመለሰ። አባቴና የጉብታው ገበዝ አብረው ወደሱ ሄዱ። አዘነ፤ ከልቡ ነው ያዘነ። ማስተካከል ይቻላል አለ፤ ግን ካርዱ ከኮሌጁ ቁጥር ገብቷል፤ ሁለቱም አድባራት ፈርመው ማመልከት አለባቸው። የጉብታው ሕዝብ ግን፣ ገበዙ ቢለምኑትም፣ አንፈርምም አለ። ስለዚህ ነገሩ ወደ አገር ሽማግሌ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ከጠላ ሻጯ ቤት ፊት ለፊት፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። የሁሉም አለቃ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ገና ያልደከመ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁለቱንም ወገን ሰሙና፣ "ሁለቱም ካህን፣ ደግሞም አበልጅ ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ አይመሰክርም። ካህን ከካህን ቢማማል አገር ይጠፋል። መሐላ አላቀርብም። ዕጣ ይሁን" አሉ።

አባቴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ከጉብታው ወገን አንድ ሰው ተነሣ። "ዕጣውማ አለ፣ አባታችን። ያ ወረቀት ሰው ሳይነካው ራሱ ይወድቃል አይደል? ከዚያ የበለጠ ዕጣ ምን አለ?"

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ካርዱ ሲወድቅ በበሩ ያላየ የወረታ ሰው አልነበረም። አዛውንቱ አሰቡና፣ "ሰው ካልነካው ዕጣ ነው" አሉ። ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ወደ ቤት ስንመለስ በጓያው ማሳ ዳር እየሄድን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ከኋላ ጠርቼ አስቆምኋቸው።

"አባየ፣ ዕጣ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ካርዱ። የትኛው እንደሚወድቅ አውቀዋለሁ። በእጄ ነው የቆረጥሁት። ስንት ጊዜ ቢያነሡት ያንኑ ነው የሚያደርግ።"

አባቴ ዘወር ብለው በርኅራኄ አዩኝ። "አንቺ ቆረጥሽ። የሚያነሣና የሚጥል ግን ሌላ ነው። እመቤታችን መጽሐፏን ወደ ቤቱ ልትመልሰው ከፈለገች፣ በተቆረጠ ቀዳዳ ማንጠልጠል ያቅታታል?"

"ባዶ ካርድ አለ" አልሁ። ድምፄ አልወጣም፤ ደገምሁት። "ባዶ ካርድ አለ፤ እውነተኛውን ልጽፈው እችላለሁ። የሜዳውን ቀዳዳ ልቆርጠው እችላለሁ።"

"ዕጣ ልታጣምሚ?" አሉኝ። አልጮኹም። "እንደዚያ ሆኖ ከሚመለስ መሬቱም መጽሐፉም ይቅር።"

ካርዱ ራሱ ጠማማ ነው ልላቸው ፈለግሁ፤ እንዴት እንደሚባል አላወቅሁም። ማሳው ላይ ያሉት ወፎች ተነሥተው ሄዱ፤ እኛም ሄድን።

ቅዳሜ ሰው ከዋርካው እስከ መንገዱ ሞላ። የጭነት መኪና ነጂዎች ሳይቀሩ ቆመው ያዩ ነበር። የኮሌጁ ሰው አልፈለገም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሣጥኑን አስወጡት። መርፌውን እሱ እንዳይዝ የሜዳው ሰው ከለከለ፤ ካርዱ የሱ ነውና ያደላል ብሎ። የጉብታው ሰው ደግሞ፣ "ልጃቸው ትያዘው፤ የገዛ ልጃቸው እጅ ይፍረድ" አለ። እንዲህ ሆኖ መርፌው እኔ እጅ ገባ።

በመጀመሪያ በእመቤታችን መጻሕፍት ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በሥዕሉ ቀዳዳ ለየሁ። ጥቂት ካርዶች ወደቁ። እነሱን ሰብስቤ አስተካከልሁ። አዛውንቱ፣ "በፊት የሜዳው ይጠየቅ" አሉ።

በሜዳው ደብር ቀዳዳ መርፌውን አሳለፍሁ። አነሣሁት፤ እንደ ልማዱ ነቅነቅ አደረግሁት። ምንም አልወደቀም። ካርዶቹ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለው ቀሩ። አባቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"ደግሞ የጉብታው ይጠየቅ።"

መርፌውን አውጥቼ በሌላው ቀዳዳ አሳለፍሁ። አነሣሁት፤ ነቅነቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለገኝም። ካርዱ ከመሐል ተንሸራቶ ወጣና አቧራው ላይ ወደቀ። እልልታው ከጉብታው ሴቶች በኩል ተነሣ።

"ጀርባውን ያንብቡት" አልሁ። ማንም አልሰማኝም። ጠላ ሻጯ ብቻ ከንፈሬን አይታ ነበር፤ "ኧረ ልጅቷ ጀርባውን አንብቡ ትላለች!" ብላ ጮኸች። አንድ ዲያቆን አንሥቶ አነበበ፤ የሜዳው ደብር መጽሐፍ፣ ለክረምት የተቀመጠ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ የዳንን መሰለኝ።

"በምንድን ነው የተጻፈው?" አሉ አዛውንቱ።

"በእርሳስ።"

"ማን ጻፈው?"

"እኔ" አልሁ።

"አባትሽ ማነው?" አለ አንድ ሰው ከጉብታው ወገን፤ ሰዉም ሳቀ።

የኮሌጁ ሰው ወደ መሐል ገባ። "ጻፊው ያልኋት እኔ ነኝ! ደግሞ ይህ ዳኝነት አይደለም። ካርዱ የሚናገረው መጽሐፉን የት እንዳገኘሁት ብቻ ነው!"

"የሜዳው መሆኑን አንተ በዓይንህ አይተሃል?"

"አላየሁም፤ እሷ ነች የነገረችኝ። ግን—"

"እንግዲያ ዝም በል ልጄ" አሉ አዛውንቱ። "ሰው ሳይነካው ወድቋል። የወደቀ አይነሣም።"

የጉብታው ገበዝ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። አባቴ ግን አላለቀሱም። ከዲያቆኑ እጅ ካርዱን ተቀበሉ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ተሳለሙት። "ፈረደች" አሉ። ከዚያ መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

መጽሐፉን ማጣታቸውን እችለው ነበር። እመቤታችን የፈረደችባቸው መስሏቸው መሄዳቸውን ግን እስካሁን አልቻልሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው "ለምን ይግባኝ አይሉም?" ሲላቸው፣ "ለማን?" ነበር መልሳቸው። በጽጌ መውጫ ቁልፉን አስረከቡ። መሬቱ ለአዲሱ ገበዝ ሆነ፤ እኛም የሰው መሬት በእኩል፣ እህሉን እያካፈልን፣ ማረስ ጀመርን። የኮሌጁ ሰው ጎንደር ሄጄ አስተካክላለሁ ብሎ ነበር፤ ምናልባት አስተካክሎት ይሆናል። እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም። እኔን ከሥራው እንዳልቀር ሁለት ጊዜ በሰው ልኮብኛል። አልሄድሁም።

በዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ባለፈ ማግስት አባቴ ጠዋት ተነሥተው ወደ መሻገሪያው ሄዱ። ገበዝ አይደሉም፤ የሚሸከሙት የለም። የሌሎቹን መጻሕፍት ልሸኝ ነው አሉ። እኔም ተከተልሁ። እስከ ቀትር ቆምን። ማንም አልመጣም። ኋላ የአንዱ የሜዳ ደብር ገበዝ ብቻቸውን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

"መጻሕፍቱስ?" አሉ አባቴ።

"ዕቃ ቤት ናቸው።"

"ክረምቱ እኮ ገባ!"

"ገባ። እንግዲህ ውኃው ይወስድ ይሆናል፣ አይወስድም ይሆናል። ካርዱ ግን መውሰዱን አየን።"

አባቴ ለመኗቸው። እንዲህ ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም፤ ለራሳቸው መጽሐፍ እንኳ እንዲህ አልለመኑም። ሰውየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። "ሦስታችንም ተስማምተናል" አሉ። "እኔም፣ አዲሱ የናንተ ገበዝም፣ የሦስተኛው ደብር ገበዝም። ከእንግዲህ ወደ ላይ የሚሄድ መጽሐፍ የለም።"

አባቴ ነጠላቸውን አጣፉ። "እንግዲያውስ ከመሬት እንኳ ከፍ ይበሉ" አሉና ከሰውየው ጋር ተያይዘው ሄዱ። ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ሆነው ማኅደሮቹን በማንገቻቸው አስረው በጣራው ማገር ላይ ማንጠልጠል ጀመሩ፤ እኔ ከደጅ ቆሜ ገመድ አቀብል ነበር። ሰማዩ ከደጃፉ ሲታይ ጠርቷል፤ በዚያን ቀን እኛ ዘንድ አልዘነበም። ገመዱን ስጎትት እንዳልወድቅ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ። ጭቃው እርጥብ ነበር። ከፍ አድርጌ ዳሰስሁ፤ እስከ ወገቤ እርጥብ ነበር።

"አባየ" አልሁ፣ "ገመዱን ያሳጥሩት።"